በአውራ ጣት ሥር ያለ የምጣድ ኮረንቲ

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ከውጭ አገር መጥቶ እናቴ ቤት በሰነበተበት ሳምንት፣ አንድ ማታ ከደጅ ተንደርድሮ ገባና በእጁ የያዘውን የናስ ቱቦ የመሰለ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ አውራ ጣቱን እፍ እፍ ይል ጀመር። «ጋሼ፣ ቁልፉ አቃጠለኝ» አለኝ። ቱቦውን በጋቢዬ ጫፍ ይዤ አነሣሁትና ከላይ እስከ ታች በጣቴ ዳበስኩት፤ ወደ አፍ የሚጠጋው ጫፉ ሞቅ ያለ፣ ወገቡ የደብረ ብርሃንን የጥር ሌሊት የመሰለ ቀዝቃዛ፣ ከሥሩ ያለው መጫኛ ቁልፍ ግን ጣት የማያስቀምጥ ትኩስ ነበር። ከሦስቱ ቦታዎች ሁለቱ እንደ ወትሯቸው ሆነው ሦስተኛው ብቻ ከልኩ ማለፉ ገና ከጅምሩ ብዙ ነገር ስለነገረኝ፣ ያን ማታ ባትሪውን አስወጥቼ ለብቻው በፕላስቲክ ዕቃ አስቀመጥኩና በማግስቱ ሁሉንም ወደ ሱቄ ይዤው ሄድኩ።

እኔ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪና የምጣድ ስፒና በመጠገን የምተዳደር ሰው እንጂ የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ወዳጅ አይደለሁም፤ ሲጋራም አጭሼ አላውቅም። በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ ስለሚከለክል፣ ይህን ጽሑፍ እንደ ገበያ ማስታወቂያ የሚቆጥር ሰው እንዳይኖር አስቀድሜ እናገራለሁ። የምጽፈው በዚህ ቱቦ ላይ ያገኘሁት ብልሽት ከመንዝና ከተጉለት ወደ ሱቄ በሚመጡት የእጅ ባትሪዎች ላይ፣ እንዲሁም በየቤቱ ባለው የምጣድ ስፒና ላይ ዘወትር የማየው ስለሆነ፣ ጥፋቱን የማግኛው መንገድም አንድ በመሆኑ ነው።

ዕቃው ሜካኒካል ቬፕ ይባላል። በሌሎቹ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ውስጥ ቮልቴጁን የሚለካና ኮረንቲው ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ አነስተኛ ሰርኪዩት አለ፤ በዚህኛው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ ጨርሶ የለም። የናስ ቱቦ፣ በውስጡ 18650 የሚባል አንድ የሊቲየም ባትሪ፣ ከላይ ፈሳሹን የሚያተንን የሽቦ ጥቅል፣ ከታች ቁልፍ፤ በቃ። ባትሪው ስሙን ያገኘው ከቁመናው ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ነው፤ ጥግብ ብሎ ሲሞላም 4.2 ቮልት ይሰጣል። ቁልፉ ሲጫን መሐሉ ላይ ያለው ኮንታክት (መነካኪያ ብረት) የባትሪውን ኔጌቲቭ ጫፍ ይነካና ኮረንቲው በቁልፉ፣ በቁልፉ ማቀፊያ፣ በቱቦው ግድግዳና በሽቦው ጥቅል በኩል ይዞራል። ሁለት ድንጋይ እየጎረሰ ለአባቶቻችን ሲያበራ የኖረው የቆርቆሮ የእጅ ባትሪም አሠራሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የሚለያዩት በሚያልፍባቸው ኮረንቲ ብዛት ነው።

ልዩነቱም እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የሽቦው ጥቅል ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቲ እንዳያልፍ የሚቋቋምበት መጠን፣ 0.3 ኦም ነው ተብሎ ከተሸጠ፣ 4.2 ቮልትን ለ0.3 ስናካፍል 14 አምፔር እናገኛለን። ይህ ቁጥር ብቻውን ለብዙ ሰው ምንም ላይነግረው ይችላል፤ ስለዚህ ከቤታችን ዕቃ ጋር እናስተያየው። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3500 ዋት ይስባል፤ ይህን ለ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በዚያች አውራ ጣት በምታህል ቁልፍ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ምጣድ ሲጋገርበት በስፒናው ከሚያልፈው ብዙም አይተናነስም ማለት ነው። ቮልቴጁ አነስተኛ ስለሆነ ሰው አይነዝርም፤ መገናኛዎችን የሚያግለው ግን አምፔር እንጂ ቮልቴጅ አይደለም።

ይህን ከሁላችንም ቀድማ የተረዳችው እናቴ ናት። የምጣዷ ስፒና አንዱ እግሩ ጠቁሮ፣ የሶኬቱም ፕላስቲክ ቀልጦ ከአንድም ሁለት ጊዜ ስለለወጥኩላት፣ ነገሩን ጀምሬ ሳልጨርስ «እንደ ምጣዴ ስፒና ነዋ፤ ምጣዱ ደህና ሆኖ ስፒናው እንደሚነደው» አለች። ከዚህ የተሻለ መግለጫ እኔም አልነበረኝም። ምጣዱ መጋሉ ሥራው ነው፤ ስፒናው ከጋለ ግን እግሩ ሶኬቱን አጥብቆ ስላልያዘ ወይም በመካከላቸው ቆሻሻ ስለገባ፣ ለእንጀራው ይሆን የነበረ ጉልበት በመንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። በአንድ መገናኛ ላይ የሚቀረው ሙቀት የሚሰላው አምፔሩን በራሱ አባዝቶ በመገናኛው ሬዚስታንስ በማባዛት ስለሆነ፣ አምፔሩ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል። በአንድ አምፔር የሚሠራ የእጅ ባትሪ ለዓመታት ችሎት የሚኖረውን ቆሻሻ፣ በ14 አምፔር የሚሠራ ቁልፍ አንዲት ደቂቃ አይችለውም።

የእህቴ ልጅ ግን የራሱ ማብራሪያ ነበረው። ዕቃው በሚኖርበት አገር ችግር አሳይቶት አያውቅም፤ ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ «ከፍታው ይሆናል ጋሼ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አያቀዘቅዘውም» አለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ መሆኗ እውነት ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን የመውሰድ ዐቅሙ በመጠኑ ዝቅ እንደሚልም አልክድም። ሆኖም ከፍታው ቢሆን ኖሮ ቱቦውን በሙሉ ባሞቀው ነበር እንጂ ቁልፉን ብቻ ነጥሎ አያግለውም። ደግሞስ ጥር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት አገር የማቀዝቀዣ እጥረት አለ ብሎ መከራከር እንዴት ያዋጣል?

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ በወሬ መሐል የጣለልኝ ነገር ነው። ከጥምቀት በኋላ ዘመድ ሊጠይቅ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሁለት ቀን ሲያድር ቁልፉ ያን ያህል አላስቸገረውም ነበር፤ ታርማ በርን ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን በተመለሰበት ማታ ግን ጣቱን አቃጠለው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። በሙቀት አገር ደህና የሆነና በብርድ አገር የሚታመም የብረት መገናኛ ሲያጋጥመኝ ብረቱን አልጠረጥርም፤ በብረቶቹ መካከል በብርድ የሚረጋ፣ በሙቀት የሚላላ አንድ ነገር ገብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ያን ጥርጣሬ በልቤ ይዤ፣ ቁልፉን ከመፍታቴ በፊት ግን ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ ማስወገድ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ቁልፍ የሚግለው ራሱ ሲበላሽ ብቻ ሳይሆን ከዐቅሙ በላይ ኮረንቲ ሲጫንበትም ነው።

በመጀመሪያ የሽቦውን ጥቅል ለካሁ። እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኝ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በገበያችን የሚገኘው ርካሽ ቴስተር የገዛ ገመዶቹ ብቻ ከ0.2 እስከ 0.3 ኦም ሬዚስታንስ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች አስቀድሜ እርስ በርስ ሳነካካቸው 0.3 አሳየኝ፤ በሽቦው ጥቅል ላይ ሳደርጋቸው ደግሞ 0.6 አሳየኝ፤ ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ስቀንስ ጥቅሉ 0.3 ኦም ሆነ። ይህን ሳያደርግ 0.6 ብሎ የሚያምን ሰው የኮረንቲውን መጠን በግማሽ አሳንሶ ይገምታል ማለት ነው። ጥቅሉ ከቤቱ ጋር አለመነካካቱንም አየሁ፤ ልኬቱ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ቢሆን ኖሮ ጥገናው ያኔውኑ ባበቃና ባትሪውን ከዚያ ቱቦ ውስጥ ዳግም እንዳያስገባ በከለከልኩት ነበር። ጥቅሉ ጤነኛ ስለነበር ተውኩት።

ባትሪው ላይ ግን ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ልጁ ሁለት ባትሪዎች ነበሩት፤ አንደኛው ከውጭ ይዞት የመጣው፣ 20 አምፔር በተከታታይ መስጠት እንደሚችል የተጻፈለትና የታወቀ ሥሪት የሆነ፣ ሁለተኛው እዚሁ አገር ለእጅ ባትሪ ብሎ የገዛው፣ በላዩ ላይ የመያዝ ዐቅሙ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው የሚል ጽሑፍ የታተመበት ነው። የዚህ መጠን ባትሪ በተለምዶ ከ3600 ብዙም እንደማያልፍ ለሚያውቅ ሰው 9900 የሚለው ቁጥር ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጁ ግን «በዚህኛው ሳደርገው ቁልፉ እምብዛም አይግልም፤ ጥፋቱ የዋናው ባትሪ ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር፤ ድምዳሜውም ላይ ላዩን ለሚያየው እውነት ይመስላል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደካማ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንሱ ከፍተኛ ስለሆነ የሚፈለገውን ኮረንቲ መስጠት ያቅተዋል፤ ኮረንቲው ሲያንስ ቁልፉ ላይ የሚቀረው ሙቀትም አብሮ ያንሳል። ለምሳሌ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.15 ኦም ቢሆን፣ 14 ይሆን የነበረው አምፔር ወደ 9 ይወርዳል፤ ነገር ግን 9ን በ9 አባዝተን በ0.15 ስናባዛው ከ12 ዋት የሚበልጥ ሙቀት በባትሪው በራሱ ሆድ ውስጥ እየተፈጠረ ነው። ቁልፍ ቢግል ጣት ያቃጥላል፤ የሊቲየም ባትሪ ከውስጥ ሲግል ግን የሚያስከትለው ነገር ከጣት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ የቬፕ ባትሪ ፈንድቶ ሰዎች ሞተዋል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ባትሪዎችም ለእጅ ባትሪ ደግ ናቸው፤ ለዚህ ዓይነቱ ኮረንቲ ግን አልተሠሩም። ሁለተኛውን ባትሪ ወስጄ ለሬዲዮ መሞከሪያ አደረግሁት፤ ልጁም አልተከራከረኝም።

ከዚህ በኋላ ነው ቁልፉን ከቱቦው ፈትቼ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥኩት። የቁልፍን ሬዚስታንስ በቴስተሩ ኦም መለኪያ ማግኘት አይቻልም፤ የምንፈልገው የኦም መቶኛ ሲሆን መሣሪያው ግን አሥረኛዋን እንኳ በቅጡ አይለይም። በምትኩ የማውቀውን ያህል ኮረንቲ በቁልፉ ውስጥ አሳልፌ፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ስንት ሚሊቮልት እንደሚጠፋ እለካለሁ። ለዚህ የምጠቀምበት 12 ቮልት የሚሰጥ ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣሁት ፓወር ሰፕላይና 55 ዋት የሆነ የመኪና የፊት መብራት አምፑል ነው። አምፑሉ ቁልፉ ቢበላሽም ባይበላሽም ከ4.6 አምፔር ብዙ የማይበልጥ ኮረንቲ ስለሚያሳልፍ ሥራውም ልጓሙም እሱው ነው። ፈሳሽ አይተንም፣ ማንም ጢስ አይስብም፣ የሊቲየም ባትሪም ለፈተና አይቀርብም።

አንዱን ገመድ ከቁልፉ መሐል ኮንታክት፣ ሌላውን ከማቀፊያው ጥርስ (ወደ ቱቦው ከሚጠመዘዝበት ክፍል) ጋር በመቆንጠጫ አሰርኩና ቁልፉን በእንጨት ተጭኜ አምፑሉን አበራሁት። የቴስተሩ ጫፎች መቆንጠጫውን ሳይሆን የቁልፉን ብረት በቀጥታ መንካት አለባቸው፤ ያለዚያ የምንለካው የመቆንጠጫውን ጥፋት ይሆናል። የተነበበው 118 ሚሊቮልት ነበር። ይህን ለ4.6 አምፔር ስናካፍል 0.026 ኦም ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ቱቦው በራሱ ባትሪ ሲሠራ፣ የባትሪውና የመገናኛዎቹ ሬዚስታንስ ሲጨመር ከ14 ዝቅ ብሎ በሚያልፈው 12 አምፔር ገደማ ብናሰላው ወደ 4 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይወጣል። አራት ዋት ለአንድ ክፍል ምንም ነው፤ የአውራ ጣት ራስ በሚያህል ናስ ላይ ሲያርፍ ግን ጣት ያስነሣል።

ሌባው የቱ ጋ እንደተደበቀ ለማወቅ ጫፎቹን እያቀራረብኩ ለካሁ። ከመሐል ኮንታክቱ እስከ ተንቀሳቃሹ የቁልፍ ዘንግ 9 ሚሊቮልት፣ ከዘንጉ እስከ ማቀፊያው ቀለበት 104 ሚሊቮልት፣ ከቀለበቱ እስከ ጥርሱ 5 ሚሊቮልት ሆነ። ሲደመሩ 118 ይመጣሉ። ዘንጉ ቀለበቱን እየታከከ ከሚወጣበትና ከሚወርድበት ቦታ በስተቀር ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ይህን የመሰለ መልስ የሚሰጥ ልኬት ሳገኝ ዛሬም ድረስ ደስ ይለኛል፤ ቁልፉን በሙሉ ለውጥ፣ ቱቦውን በሙሉ ጣል ከሚል ምክር ያድናል።

ዘንጉን ሳወጣው በዙሪያው ቡናማ ቅባት ተለጥፎበት አገኘሁ። ሽታው የሚተነነው ፈሳሽ ሽታ አልነበረም። ልጁን ደውዬ ስጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ እንደመጣ ሰሞን ቁልፉ ስለከበደው ለከንፈሩ ከገዛው ቫዝሊን ቀብቶት እንደነበር ነገረኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ከንፈር ስለሚሰነጥቅ በየኪሱ ቫዝሊን የማይዝ ሰው ጥቂት ነው፤ ለቁልፍ ግን ክፉ መድኃኒት ነው። ቫዝሊን ኮረንቲ አያስተላልፍም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላልቶ ዘንጉ ሲጫን ወደ ዳር ይሸሽና ብረት ከብረት ይገናኛል፤ በደጋው ብርድ ግን እንደ ሞራ ረግቶ በዘንጉና በቀለበቱ መካከል ግድግዳ ይሠራል፤ የብረት ብናኝና አቧራም እየያዘ ይወፍራል። ከዚህም በላይ የረጋ ቅባት ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ቶሎ እንዳይመለስ ያደርጋል፤ ጠባቂ ሰርኪዩት በሌለው ዕቃ ላይ ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ከመጋሉ የባሰ አደጋ ነው።

ጽዳቱ ራሱ የረቀቀ ጥበብ አይጠይቅም። የብረት ክፍሎቹን ለያይቼ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጠብኳቸው፤ ሱቅ የተቀመጠ አንድ ወዳጄ «ለዚህማ የአገራችን አረቄ አለልህ» ቢልም፣ አረቄ ውኃ ስለሚበዛበት ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል መረጥኩ። ናሱ ላይ የቀረውን ጥቁረት በሎሚና በጨው ለጥቂት ደቂቃ አሽቼ፣ አሲዱ ቀርቶ ናሱን መልሶ እንዳይበላው ደጋግሜ አለቅልቄ በጨርቅ አደረቅሁት። ኮንታክቱ በስሱ ብር የተቀባ ስለሆነ በእርሳስ ላጲስ ብቻ ወለወልኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉ ሰዎች ብሩን በአንድ ቀን ጨርሰው ቁልፉ ከሳምንት በኋላ ለምን እንደባሰበት ይጠይቃሉ። የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦም አይነካውም፤ ስባሪው በመገናኛው ውስጥ ቀርቶ መነካካት የሌለባቸውን ያነካካል።

መልሼ ስለካው 19 ሚሊቮልት አነበብኩ። ይህም ወደ 0.004 ኦም ይሆናል፤ ሙሉ ኮረንቲ ሲያልፍበት ከ1 ዋት በታች ሙቀት ቢቀርበት ነው። እዚህ ላይ ዕቃውን ገጥሜ ልሰጠው እችል ነበር፤ ያልሰጠሁት በሞላው ምክንያት ነው።

ሞላው ቁልፉን ወደ ቦታው የሚመልስ እንጂ ኮረንቲ እንዲያሳልፍ የታሰበ አልነበረም። ዘንጉ ከቀለበቱ ጋር በቅባት ሲለያይ ግን ኮረንቲ የሚሄድበት መንገድ ሲያጣ በሞላው በኩል ያልፋል። ሞላው ስቴንለስ ነው፤ ስቴንለስ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ሬዚስታንሱ 40 እጥፍ ገደማ ነው። ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር፣ ተዘርግቶ ሲለካ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ሽቦ ከ0.2 ኦም በላይ ይይዛል። ዘንጉ ጨርሶ ሳይገናኝ ቀርቶ ኮረንቲው ሁሉ በእሱ ቢያልፍ፣ ከጥቅሉ 0.3 ጋር ተደምሮ 0.5 ኦም፣ ኮረንቲውም 8.4 አምፔር ይሆናል፤ በሞላው ላይ ብቻ የሚቀረው ሙቀትም 14 ዋት ነው። ትንንሽ ሽቦ የምንበይድበት መሣሪያ 30 ዋት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይሰወረውም። ሞላውን አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳየው ሁለቱ የመሐል ቀለበቶቹ ከነጭነት ወደ ቢጫና ቡናማ ተለውጠው ነበር፤ በጣቴ ጨምቄ ስለቀውም የነበረበት ቁመት ላይ አልደረሰም። የጋለ ሞላ ጉልበቱን ያጣል፤ ጉልበቱን ያጣ ሞላ ደግሞ ቁልፉን አይመልስም። አንዳንድ ቁልፎች በሞላ ፈንታ ማግኔት አላቸው፤ እነሱም ከዚህ አያመልጡም፤ ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ መድከም ይጀምራል።

ተመሳሳይ ሞላ ፍለጋ የሱቄን መሳቢያ ሁሉ አገላበጥኩ። የእጅ ባትሪ ሞላ ሰፊ ነው፤ የእስክሪብቶ ሞላ ይገባል፤ ልጁም «እሱን ያድርጉልኝ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። የእስክሪብቶ ሞላ ሽቦው የቀጠነ በመሆኑ ዘንጉን በቅጡ አይመልስም፤ አንድ ቀን መገናኛው ቢቆሽሽ ደግሞ ቀድሞ ቀይ ሆኖ የሚነደው እሱ ነው። ትክክለኛው ሞላ እስኪገኝ ድረስ ቱቦው ያለ ባትሪ ይቀመጣል ብዬ ቆረጥኩ፤ እናቴም በዚህ ፍርድ እጅግ ተደሰተች፣ እርግጥ የተደሰተችበት ምክንያት የኤሌክትሪክ አልነበረም።

ሳልገጥመው በፊት ሌሎች ሁለት ነገሮችን ለልጁ አሳየሁት። የመጀመሪያው የባትሪው ልባስ ነው። የ18650 ባትሪ ጎኑ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ከቱቦው የሚለየው ያቺ ስስ ፕላስቲክ ብቻ ናት። ልባሱ ጎኑ ላይ ከተቀደደ ባትሪው ቱቦውን በቀጥታ ይነካና ዕቃው ቁልፍ ሳይነካ በራሱ ይሠራል፤ በፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ከተቀደደ ደግሞ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ የሚለያዩት በፀጉር ያህል ርቀት ይሆናል። የእሱ ልባስ ደህና ነበር። ሁለተኛው በቱቦው ጎን ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው፤ ባትሪው ጋዝ ቢተነፍስ የሚወጣበት መንገድ እነሱ ስለሆኑ በኪስ ብናኝ መደፈን የለባቸውም፤ ሁለቱ ተደፍነው ስለነበር በመርፌ ከፈትኳቸው። ከላይ ያለው የጥቅሉ መሐል ብሎን ከዙሪያው ጠርዝ ወጣ ብሎ መቀመጡንም አረጋገጥኩ፤ ብሎኑ ከገባ የባትሪው ፖዘቲቭ ጠርዙን ነክቶ ያለ ጥቅል በቀጥታ ሊዘጋ ይችላል።

ልጁ በሳምንቱ ሲሄድ ባትሪውን በፕላስቲክ ማኅደሩ አድርጎ ከእጅ ሻንጣው ውስጥ ያዘው፤ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ቱቦው ከነጸዳ ቁልፉ፣ ሞላው ደግሞ ተለይቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። የእናቴን የምጣድ ስፒና በዚያው ሰሞን ለምጣዱ ወፍራም ገመድ በሚመጥን ጠንካራ ስፒና ለወጥኩት፤ አዲሱን ሶኬት ስገጥም ብሎኖቹን በካቻቢቴ ከወትሮዬ አጥብቄ አሰርኳቸው።

ትናንት ማታ ከልጁ መልእክት ደረሰኝ። አዲስ ሞላ አግኝቷል፤ አንድ ቴስተርም ገዝቷል፤ የሚሊቮልቱ መለኪያ የትኛው ቁጥር ላይ እንደሚዞር ይጠይቀኛል። 200 ሚሊቮልት ከሚለው ላይ አድርገው፣ ጫፎቹንም መቆንጠጫው ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ አሳርፋቸው፣ ቫዝሊኑን ደግሞ ለከንፈርህ ተወው ብዬ መለስኩለት።